«ሦስተኛ ነው፤ ተይው»

ጁን 15 ቀን 2024 ሌሊት ቤታችን ውስጥ በደንብ የተኛ ሰው አልነበረም። ሯጯ ልጄ አስረኛ ክፍልን ጨርሳለች። በኤንሲኤኤ (የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚያስተዳድረው ማኅበር) ሕግ፣ በአብዛኞቹ ስፖርቶች የዲቪዚዮን 1 የኮሌጅ አሰልጣኞች ለተማሪ በግል መጻፍና መደወል የሚችሉት አስረኛ ክፍል ካለቀ በኋላ ከሚመጣው ጁን 15 ጀምሮ ነው። እኩለ ሌሊት ሲሞላ ስልካቸው የሚንጫጫ ልጆች አሉ። የእኔዋም ስልኳን ትራስጌዋ አድርጋ ጋደም አለች። እኔ ደግሞ «ውሃ ልጠጣ» እያልኩ በበሯ ሦስቴ አለፍኩ።

ስልኩ ጭጭ እንዳለ ነጋ።

ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ኢሜይል መጣ። ሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ኒው ኢንግላንድ ካለ ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ስሙን ሰምቼው አላውቅም። አሰልጣኟ ሴት ናት። ልጄ የሮጠችውን ሰዓት ከነውድድሩ ጠቅሳ፣ ምን መማር እንደምትፈልግ ትጠይቃታለች። ጉግል አደረግኩት። ዲቪዚዮን 3 ይላል።

«ማሚ፣ ይሄ ሦስተኛ ነው፤ ተይው» አልኳት። ላፕቶፑንም ከደንኩት።

የጆሮ ነገር ነው። እኛ «ዲቪዚዮን» የሚለውን ቃል የምናውቀው ከኳስ ነው። ያሸነፈ ይወጣል፣ የተሸነፈ ይወርዳል። ሦስተኛ ከተባለማ ሜዳው አቧራ፣ ማሊያው የተዋሰ ነው። እኔም በዚያ ጆሮ ሰምቼ ፈረድኩ። ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ የሰው ደረሰኝ ስደምርና ስቀንስ እውላለሁ። ቁጥር አይቼ መሸወድ አልነበረብኝም።

እዚህ አገር መውጣትና መውረድ የለም። ኤንሲኤኤ በ1973 ኮሌጆቹን በሦስት ሲከፍል በጉብዝና አልደረደራቸውም። አንድ ኮሌጅ ለስፖርት ምን ያህል ገንዘብ ማፍሰስ እንደሚፈልግና ስፖርትን ከትምህርት አንጻር የት እንደሚያስቀምጥ አይቶ ዲቪዚዮኑን ራሱ ይመርጣል። መቀየር ከፈለገ አመልክቶ ዓመታት የሚፈጅ ሂደት ውስጥ ያልፋል። እዚሁ ሜሪላንድ ፍሮስትበርግ ስቴት በ2019 ከ3 ወደ 2 መሸጋገር የጀመረው እንደዚያ ነው፤ ዋንጫ በልቶ አይደለም። ዲቪዚዮን 1 ውስጥ ከ350 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ዲቪዚዮን 2 ውስጥ 300 ገደማ። ትልቁ ዲቪዚዮን 3 ነው፤ ከ420 በላይ።

አሁን ደግሞ ያፈርኩበትን ልንገራችሁ። ኤምአይቲ ዲቪዚዮን 3 ነው። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቺካጎም፣ ኤመሪም። ከቤታችን አንድ ሰዓት የማይሞላው ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ማንም ሐበሻ ወላጅ ስሙን ሲሰማ ቀና ብሎ የሚቀመጥለት ትምህርት ቤት፣ ከላክሮስ (መረብ ባለው ዱላ ከሚጫወቱት ኳስ) በስተቀር ስፖርቱ ሁሉ ዲቪዚዮን 3 ነው። ላክሮሱ ብቻ ዲቪዚዮን 1 ይጫወታል። እኔ እንግዲህ «ሦስተኛ ነው፤ ተይው» ባይዋ ነኝ።

ያን ክረምት ብዙ ሞኝነት ሠርቻለሁ። አንዱን ብቻ ላውራ። ልጄ ለአሰልጣኞች ቶሎ አልጽፍ ስትለኝ፣ በራሷ አድራሻ ገብቼ እኔው ጻፍኩ። «እኔ በጣም ታታሪ፣ ታዛዥና እግዚአብሔርን የምፈራ ተማሪ ነኝ» ብዬ። ለአስራ አንድ ትምህርት ቤት ላክሁት። አንዱ አሰልጣኝ በማግስቱ መለሰ፦ «ለእናትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። አንቺ ራስሽ ለመጻፍ ዝግጁ ስትሆኚ ደስ ይለኛል።» ልጄ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ከዚያ በኋላ የሚጻፈውን ሁሉ እሷ ጻፈች፤ አጭር፣ አራት መስመር። ስሟ፣ የምትመረቅበት ዓመት፣ ሰዓቶቿ፣ የትምህርት ውጤቷ፣ ለምን ያን ትምህርት ቤት እንደፈለገች። በዚያው ሰሞን «ልጅዎን ከአሰልጣኞች ጋር እናገናኛለን» ለሚል ድርጅት 2,500 ዶላር ልከፍል ካርዴን ካወጣሁ በኋላ ባለቤቴ ነው ከእጄ የነጠቀኝ። የአሰልጣኞቹ ኢሜይል እኮ ኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ተቀምጧል!

በ2025 መጀመሪያ፣ በብርዱ ወራት፣ የቤት ውስጥ ውድድር ላይ ልጄ 3,200 ሜትሩን በ10:58 ሮጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኩ መጮህ ጀመረ። በኤፕሪል አንድ የዲቪዚዮን 1 አሰልጣኝ በቪዲዮ አነጋገራት፤ ትምህርት ቤቱ ሌላ ስቴት ውስጥ ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። በመጨረሻ «በዓመት 9,000 ዶላር ልንሰጥሽ እንችላለን» አላት። እልል አልኩ። ዘጠኝ ሺህ! ለወንድሜ አዲስ አበባ ደወልኩለት። ቤተክርስቲያን ተነገረ። «ዲ ዋን ስኮላርሺፕ አገኘች» ተባለ፤ እኔም አላስተካከልኩም።

ስለዚህ ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር ግን አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ለማስረዳት ከቅርጫ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እስከ 2025 በነበረው ሕግ፣ ትልቁ የዲቪዚዮን 1 የአሜሪካ ፉትቦል 85 ስኮላርሺፕ ነበረው፤ ለአንድ ልጅ ከተሰጠ ሙሉ በሬውን ነው፣ አይቆረጥም። የሴቶች ቅርጫት ኳስ 15፣ የሴቶች ቮሊቦል 12፣ እነዚህም ሙሉ ሙሉውን። (ቅርጫት ኳስ ቅርጫ አይደለም፤ ቅርጫው ሩጫ ነው።) ለሩጫ ሴቶቹ 18 ነበራቸው፣ ወንዶቹ 12.6። አሰልጣኙ ይህን ይዞ ክሮስ ካንትሪውን፣ የቤት ውስጡንና የውጪውን ትራክ፣ ዝላዩን፣ ውርወራውን ሁሉ ማብላት አለበት። ሠላሳና አርባ ሴት ባለበት ቡድን መደቡ እንዴት እንደሚሳሳ አስቡት። ሻኛው ለፈጣኗ፣ ለሌላዋ ጎድን፣ ለሌላዋ ደግሞ «የቡድኑ አባል ነሽ» የሚል ጥሩ ቃል።

ዲቪዚዮን 2 አጠቃላይ ሥርዓቱ ቅርጫ ነው። ለሩጫ ለሴትም ለወንድም 12.6። ሙሉ የሚያገኝ ጥቂት ነው። ግን ከስፖርቱ ገንዘብ ላይ በትምህርት ውጤት የሚገኘውን ደርበው ስለሚያዋህዱት ድምሩ የማይናቅ ይሆናል። ጎረቤታችን ፔንሲልቬኒያ ያሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብዙዎቹ ዲቪዚዮን 2 ናቸው፤ እዚህ እኛ ጋ ደግሞ ቡዊ ስቴት አለ።

ዲቪዚዮን 3 ለስፖርት አንዲት ሳንቲም አይሰጥም። አይችልም፣ ሕጉ ይከለክላል። አሰልጣኟ የገንዘብ ዕርዳታ ቢሮ ገብታ «ይቺን ልጅ ጨምሩላት» ማለት እንኳን አትችልም። እኔ እዚህ ላይ ነው ያቆምኩት፤ «ሳንቲም የለም» ሲባል ወጥቼ ሄድኩ። በቤተሰብ ገቢ የሚሰጠው ዕርዳታና በውጤት የሚሰጠው ሽልማት ግን እንደማንኛውም ተማሪ ለእሷም ክፍት ነው። አንዳንዶቹ ኮሌጆች ደግሞ ካዝናቸው ወፍራም ነው።

ስሙ ሊያሳስታችሁ የሚችል ሌላም አለ። ሃርቫርድ፣ የል፣ ፕሪንስተንና አምስቱ ጓደኞቻቸው፣ አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንቱ፣ ዲቪዚዮን 1 ናቸው። የስፖርት ስኮላርሺፕ ግን የላቸውም። ስለዚህ «ልጁ ለፕሪንስተን በሩጫ ስኮላርሺፕ ገባ» የሚል ወሬ ቡና ላይ ከሰማችሁ፣ በአክብሮት ፈገግ በሉ።

ወደ ዘጠኝ ሺህዋ ልመለስ። አሰልጣኙ በቃል ነው የሰጠው። በቃል የተሰጠ ነገር በሁለቱም ወገን አያስርም፤ ይህን አውቅ ነበር፣ ግን ማወቅና ማመን ይለያያል። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ልጄ ቅልጥሟን «ትንሽ ያመኛል» አለች። ትንሽ ያልኩት ሳምንት ሙሉ ሲቀጥል ወሰድኳት፤ ኤምአርአይ ተነሳች፤ አጥንቱ በስሱ ተሰንጥቋል። ስትሬስ ፍራክቸር ይሉታል። ስድስት ሳምንት በቡት። እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ግራጫ ቡት አጥልቃ ደረጃ ስትወጣ የሚሰማውን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

እሷው ራሷ ለሁሉም አሰልጣኞች ጻፈች። አትደብቂ ብዬ ባልመክራትም አልደበቀችም። የዲቪዚዮን 1 አሰልጣኙ በየሳምንቱ ይጽፍ የነበረው «ቶሎ ዳኚ» ብሎ አንዴ መለሰና ጠፋ። ያቺ የኒው ኢንግላንዷ አሰልጣኝ ግን (አዎ፣ ልጄ ላፕቶፑን ከከደንኩት በኋላ ተደብቃ መልስ ጽፋላታለች፤ ዓመት ሙሉ ይጻጻፉ ነበር) ደወለች። የጠየቀቻት ስለ ሩጫ አይደለም። ትበያለሽ ወይ፣ ትተኛለሽ ወይ፣ የወር አበባሽ በወቅቱ ይመጣል ወይ አለቻት። ስፒከር ላይ ነበር፤ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሰማሁ። ሴት ሯጮች ላይ የወር አበባ መቅረትና የአጥንት መሰንጠቅ አብረው እንደሚመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የእናት ጥያቄ ነበር፤ እኔ ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ጁን ላይ ያ የዲቪዚዮን 1 አሰልጣኝ ደወለ። ለፍትሃዊነት ልናገር፤ እሱም ላይ ከላይ የወረደ ነገር አለ። ጁን 6 ቀን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን አትሌቶች በኤንሲኤኤ ላይ የመሠረቱትን፣ የሀውስ ክስ የሚባለውን ክርክር የዘጋውን ስምምነት አጸደቁ። ከጁላይ 1 ጀምሮ፣ ስምምነቱ ውስጥ የገቡ የዲቪዚዮን 1 ትምህርት ቤቶች ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ መክፈል ቻሉ፤ ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። የስኮላርሺፕ ቁጥር ጣሪያውም ተነሳ። በምትኩ የሰው ጣሪያ መጣ፤ ለክሮስ ካንትሪ 17፣ ለትራክ 45፣ ለእግር ኳስ 28። ሲታይ ደስ ይላል። በሬው በዛ፣ ቅርጫ ቀረ ያላችሁ እንደሆነ ግን፣ ገንዘቡ አብዛኛው ወደ ፉትቦልና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው የሚፈሰው። ሩጫ ላይ የደረሰው ወንበር መቀነሱ ነው። ዱሮ አንድ አሰልጣኝ «ነይ፣ ብር ባይኖረኝም ትለማመጃለሽ፣ በሁለተኛው ዓመት እናያለን» ማለት ይችል ነበር። አሁን አስራ ሰባት ሲሞላ በሩ ይዘጋል። ስልኩ ላይ ያላት ይህንኑ ነው። «በመጸው ውድድርሽን አይተን እንነጋገር» አለ። ልጄ «አመሰግናለሁ ኮች» ብላ ዘጋችው። ቡቷ ከወለቀ ገና አራት ቀኗ ነበር።

ቤተክርስቲያን የተነገረውን እንዴት እንደምመልስ ማሰብ ጀመርኩ። እውነቱ ይሄ ነው፤ መጀመሪያ ያሳሰበኝ የልጄ ልብ ሳይሆን የሰው አፍ ነው።

ጁላይ ላይ የኒው ኢንግላንዷ አሰልጣኝ ትራንስክሪፕቷን ላኪ አለቻት። ፕሪ ሪድ ይሉታል። የመግቢያ ቢሮው ፋይሉን ቀድሞ አይቶ «ብታመለክት ዕድሏ ጥሩ ነው» ወይም «አታድክሟት» ይላል። ዋስትና አይደለም፤ ግን በጨለማ ከመደናበር ይሻላል። ከዚያው ጋር የገንዘብ ዕርዳታ ቢሮው ግምት እንዲያወጣልን የታክስ ወረቀታችንን ላክን። ለኧርሊ ዲሲዥን (ቀድሞ ለሚያስገቡት አሳሪ ማመልከቻ) የምታመለክት ልጅ ከተቀበሏት የመሄድ ግዴታ ስላለባት፣ ገንዘቡን ሳያውቁ መፈረም የለም። ይህን በጥቁር ቀለም ጻፉልኝ።

ኦገስት ላይ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኤክሴል ከፈትኩ። ባለቤቴ ቡናውን ያዘ። ሦስት ረድፍ።

ዲቪዚዮን 1 አሰልጣኙ ቃሉን ቢጠብቅ ኖሮ፦ የዓመቱ ወጪ 58,000፤ ሲቀነስ 9,000፤ የሚቀረን 49,000። ዲቪዚዮን 2፣ ፔንሲልቬኒያ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፦ 36,500፤ ለሩጫው 5,000፣ ለውጤቷ 6,500፤ የሚቀረን 25,000። ዲቪዚዮን 3፦ ወጪው 81,000። ባለቤቴ እዚህ ላይ ስኒውን አስቀመጠ። «እብድ ናቸው እንዴ?» አለ። ቆይ አልኩት። በውጤቷ 28,000፤ በገቢያችን 32,000። ግምቱ ላይ ደግሞ አንድ ሌላ መስመር ነበር፤ 5,500 የፌዴራል ብድር፣ «ዕርዳታ» ተብሎ ከነዚያ ጋር ተደምሯል። ብድር ዕርዳታ አይደለም፤ አወጣሁት። የሚቀረን 21,000።

ሦስተኛ ብዬ የናቅኩት ከሁሉም ረከሰ። አንደኛ ብዬ እልል ያልኩበት ከሁሉም ውድ ነበር፤ በዓመት በ28,000፣ በአራት ዓመት በ112,000 ዶላር። እልል ያልኩት ለዘጠኝ ሺህዋ ብቻ ነበር።

የእናንተ ገቢ ሌላ ከሆነ ስሌቱ ይገለበጣል። ገቢው ከፍ ላለ ቤተሰብ ያ 32,000 ላይኖር ይችላል፤ ያኔ ዲቪዚዮን 2 ወይም የስቴታቸው ዩኒቨርሲቲ ያሸንፋል። የእኔን መልስ አትቅዱ። ረድፉን ግን ሥሩ።

ባለቤቴ ግን በቁጥር አልተረታም። የእሱ ችግር ክብሩ ነው። ሩጫ የሚወድ ሰው ነው፤ እና እንደ ማንኛችንም ያሬድ ኑጉሴን ይጠቅሳል። ወላጆቹ ሐበሻ፣ ያደገው ሉዊቪል፣ የሮጠው ለኖተር ዳም፣ በ2019 የኤንሲኤኤ የ1,500 ሻምፒዮን፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ ነሐስ። «ዲ ዋን ባይገባ እዚያ ይደርስ ነበር?» ይላል። ትክክል ነው፤ ለያሬድ ትክክለኛው ቦታ ዲቪዚዮን 1 ነው። እዚያ ያለው ፍጥነት፣ አሰልጣኝ፣ ፊዚዮ ሌላ ዓለም ነው፤ ዲቪዚዮኖቹ በአማካይ እኩል ይሮጣሉ ብዬ አልዋሻችሁም።

ግን አንድ ቀን ስፈልግ አንድ ነገር አገኘሁ። «የሞስኮውን 800 ታስታውሳለህ?» አልኩት። የ2013 የዓለም ሻምፒዮና። ማን ይረሳል! መሐመድ አማን መጨረሻዋ ላይ አልፎ ወርቁን የወሰደበት። ባለቤቴ ያን ዕለት ሶፋው ላይ ቆሞ ነበር የጮኸው። «ሁለተኛ የወጣውን አሜሪካዊ ታስታውሰዋለህ? እየመራ የነበረውን?» ሲሞንድስ አለ ወዲያው። ኒክ ሲሞንድስ። «የት ኮሌጅ ነበር?» አላወቀም። ዊላሜት፣ ኦሬገን ውስጥ። ዲቪዚዮን 3።

ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሩጫውን እንደገና አየው። የመጨረሻዋን 100 ሜትር ሁለቴ።

ሰዓትም አለ። ከገንዘቡ ቀጥሎ ዲቪዚዮኖቹ በእርግጥ የሚለያዩት የልጁን ቀን ምን ያህል እንደሚወስዱ ነው። በዲቪዚዮን 1 እና 2 ሕጉ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ልምምድ አይፈቅድም። ጥሩ ሕግ ነው። ግን አቆጣጠሩን እዩት። የውድድር ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቢወስድም፣ የሚቆጠረው ሦስት ሰዓት ነው። ጉዞ አይቆጠርም። የሒሳብ ሰው እንደመሆኔ እንዲህ ዓይነት ደብተር ብሠራ ከሥራ እባረራለሁ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ቢግ ቴን የሚባለው ሊግ ከ2024 ወዲህ እነ ዩሲኤልኤን፣ ኦሬገንን፣ ዋሽንግተንን ጨምሯል፤ ከኮሌጅ ፓርክ እስከ ሎስ አንጀለስ አንድ ሊግ ነው! ልጄ ባዮሎጂ መማር ትፈልጋለች፤ የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜው (ላብ የሚሉት) ደግሞ ከሰዓት ነው። የኒው ኢንግላንዷን አሰልጣኝ ጠየቀቻት። «ማክሰኞ ላብ ካለብሽ ጠዋት ብቻሽን ትሮጫለሽ፤ እዚህ ግማሹ ቡድን እንደዚያ ነው» አለች። ውድድራቸው አውቶቡስ ነው፤ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት። የስልጠና ወቅታቸውም አጠር ያለ ነው።

የትምህርት መስፈርቱን ባጭሩ፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛው የሚያስጨንቅ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ለዲቪዚዮን 1 እና 2 በኤንሲኤኤ ኤሊጂቢሊቲ ሴንተር (ብቁነትን የሚያረጋግጠው ቢሮ) መመዝገብ አለባችሁ። 16 ዋና ዋና ኮርሶች ይቆጠራሉ። በእነዚያ ላይ አማካይ ውጤቱ (ጂፒኤ) ለዲቪዚዮን 1 ቢያንስ 2.3፣ ለዲቪዚዮን 2 ቢያንስ 2.2 ያስፈልጋል። የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው ኤስኤቲ ከ2023 ጀምሮ አይጠየቅም፤ ኮሌጁ ራሱ ሊጠይቅ ግን ይችላል። ብዙ ልጅ የሚወድቅባት ወጥመድ ይቺ ናት፦ ለዲቪዚዮን 1 ከ16ቱ አስሩ አስራ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ ከአስሩም ሰባቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ። እያንዳንዱ ሃይስኩል የጸደቁለት ኮርሶች ዝርዝር አለው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ እዩት፤ አስራ አንደኛ ላይ ማየት ለቅሶ ነው። ዲቪዚዮን 3 ይህ የለበትም፤ ኮሌጁ በራሱ መግቢያ መስፈርት ነው የሚቀበለው።

ከኤንሲኤኤ ውጪም አለ። ኤንኤአይኤ የሚባለው ማኅበር በአብዛኛው ትናንሽ ኮሌጆችን ይይዛል፤ የስፖርት ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። ጁኮ የምንላቸው የሁለት ዓመት ኮሌጆችም አሉ። ከአገር ቤት ቅርብ ጊዜ የመጡ፣ እንግሊዝኛው ገና ያልገራላቸው ግን እግራቸው የገራ ልጆች አውቃለሁ። እንዲህ ላሉት ጁኮ ሁለት ዓመት ሮጦ፣ ውጤት አስተካክሎ፣ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መሻገሪያ ነው። ማንም አይናቀው። እኔ ስለ መናቅ አሁን ባለሙያ ነኝ።

ሴፕቴምበር ላይ ልጄ እዚያው ኮሌጅ ሄዳ አንድ ሌሊት ከቡድኑ ጋር አደረች። ጠዋት ስንወስዳት፣ የቡድኑ ልጆች ድንኳን ተሸክመው ከሜዳ ሲመለሱ አየሁ። ውድድር ነበራቸው። ከድንኳኑ አንዱን ቋሚ የያዘችው አሰልጣኟ ናት፤ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። ሄጄ ጨበጥኳት። ከአንድ ዓመት በፊት ኢሜይሏን የዘጋሁባት እኔ መሆኔን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በምትኩ እንደ ሐበሻ እናት፣ «ልጄን ምን ያህል ትሰጫታለሽ?» አልኳት። ሳቀች። «ለሩጫዋ ምንም። ሕጉ አይፈቅድልኝም» አለች። «ግን ሁለተኛ ዓመቷ ላይ መሮጥ ብታቆም፣ ከገንዘቧ ምንም አይነካም።»

መኪና ውስጥ ገብቼ ይህን ለባለቤቴ ተረጎምኩለት። ሰምቶ ነበር፤ እንግሊዝኛ ይችላል። ግን ደግሜ ልለው ፈለግኩ።

ዲሴምበር ላይ ተቀበሏት። አሁን የምትለማመደው ለስድስት ኪሎ ሜትር ነው፤ በሃይስኩል ክሮስ ካንትሪ አምስት ነው፣ ኮሌጅ የሴቶቹ ስድስት ይሆናል። «ያቺ አንድ ኪሎ ሜትር እኮ ነው ሌላ ስፖርት የሚያደርገው» ትላለች።

ቤተክርስቲያን ስንነግር እንደፈራሁት ሆነ። አንዷ ወዳጄ፣ ልጇ እግር ኳስ የሚጫወት፣ ሰላምታ ሳትጨርስ «ዲ ዋን ናት አይደል?» አለችኝ።

«ሦስት ናት» አልኳት።

«ውይ» አለች። ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ለቅሶ እንደምትደርስ ሰው። «አይዞሽ እቴ።»

ምንም አላልኩም። ስንት ይከፍላሉ ብላ ስትጠይቀኝ ቁጥሩን ብቻ ነገርኳት። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ግን ወዲያው ሰው ጠራትና ሄደች።

ያን ዕለት ማታ አምስት ሰዓት አልፎ ስልኬ ብልጭ አለ። እሷ ናት። «ያንን ኤክሴል ላኪልኝ እስቲ» ይላል። የእኛን ቁጥሮች ሰርዤ፣ የብድሩን መስመር ቀይ ቀብቼ ላክሁላት።